«ደህና ነኝ» እያልኩ የቆለፍኩት በር

በድሬዳዋ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ሰው አልተወለደም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ደጋግሜ ስላወራሁት ከተማው በሙሉ ይለዋል። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆስፒታል የገባሁት ፍሪጅ ልጠግን ብቻ ነው። የመድኃኒት ማቀዝቀዣቸው ሲበላሽ ይጠሩኛል፤ ኮምፕረሰሩን ቀይሬ ስወጣ በየአግዳሚው የተደረደረውን በሽተኛ እያየሁ «ይሄ ሁሉ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» እላለሁ። በግንቦት ቀትር ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ኤርኮንድሽን ስገጥም፣ ጥላ ፍለጋ የምትሄደው ፀሐይዋ ነበረች። አንዲት የወባ ትንኝ እኔን ነክሳ እሷ ሦስት ቀን ተኝታ እንደተነሳች የሚመሰክሩ ሰዎች አሉ።

ይህን አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ጣቶቼ እስክሪብቶ በያዙ በሩብ ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ። ከወንበር ስነሳ ሁለት እጄን ጠረጴዛው ላይ ተክዬ አንድ፣ ሁለት፣ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ሦስት ላይ ካልተሳካልኝ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ከወጣሁ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኛል።

የምጽፈው ከዚያ ክፍል በሕይወት ለወጡ ሰዎችና አብረዋቸው ለሚኖሩ ነው። በሕይወት መውጣት ትልቅ ነገር ነው፤ አልንቀውም። ነገር ግን ከወጣሁ በኋላ ምን እንደሚጠብቀኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ባለማወቄም ሠላሳ ዓመት አብሮኝ የሠራውን ሙክታርን ላጣው ነበር። ነፍሴን እንዴት እንዳተረፏት ሐኪሞቹ ያውሩት። የእኔ ወሬ ስለ ሙክታር ነው።

ከቀፊራ ገበያ ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችን። ፍሪጅ፣ ቬንትሌተርና ኤርኮንድሽን እንጠግናለን፤ አሮጌውንም ገዝተን አድሰን እንሸጣለን። የሥራ ክፍፍላችን ግልጽ ነው፤ እሱ ይሠራል፣ እኔ አወራለሁ። ሙክታር ይህን ሲሰማ «ወላሂ ውሸት ነው፣ ታዴ አንዳንዴ ካቻቢቴ ያቀብለኛል» ይላል። ለበሩ አንድ ጓጉንቸር፣ ለጓጉንቸሩ ሁለት ቁልፍ አለን፤ አንዱ በእሱ ኪስ፣ አንዱ በእኔ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ መንግሥቱም፣ ብሩም፣ የፍሪጅ ጋዙም ተቀያይሯል፤ ጓጉንቸሩ ግን ያው ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በተራ ትኩሳት ነው። በእኛ ከተማ ትኩሳት ይዞህ ክሊኒክ ከሄድክ ታይፎይድ አለብህ። ታይፎይድ ከሌለብህ ወባ አለብህ። ሁለቱም ከሌሉብህ የላብራቶሪው ባለሙያ ምሳ ወጥቷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ ታይፎይድ ብሎ መርፌ ጀመረልኝ። በሦስተኛው ቀን ጎኔን ሲወጋኝ ሌላ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ወባ ሆንኩ። እዚያው ሳልኩ፤ «ሳሉስ?» ስላቸው «እሱ ከአቧራው ነው» አሉኝ። በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ ወይንሸት ውሃ ልታጠጣኝ መጥታ ከንፈሬን ስታየው ጠቁሯል። ትንፋሼ እንደ ተበሳ የጋዝ ቱቦ ያፏጫል። ቀድማ የደወለችው ለሙክታር ነው። ባጃጅ ይዞ ከተፍ አለና እንደ ኮምፕረሰር አቅፎ አወጣኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው በወሬ ነው።

የሳንባ ምች ነበር። ተዛምቶ ደሜ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ለወይንሸት «ቬንትሌተር ላይ ልናደርገው ነው» ሲላት «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሙቀቱም እኮ አልቻለም» ብላ መለሰችለት። በእኛ ቤት ቬንትሌተር ማለት ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረው ነው። ለሰው የሚተነፍስ ማሽን እንደሆነ፣ በጉሮሮ በሚገባ ቱቦ እንደሚሠራና ሰውየው በመድኃኒት እንደሚተኛ ሲያስረዷት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። አሥራ ሰባት ቀን እዚያው ኮሪደር ላይ ከረመች። ወጪውን አልዘረዝርም፤ ያየው ያውቀዋል፣ ያላየውን አያሳየው።

እኔ ግን የእነዚያ ቀናት የራሴ ታሪክ አለኝ። ያየሁት እንዲህ ነው።

ሙክታር ቢጫ ላስቲክ ልብስ ለብሶ ገባ። ሁለት እጄን በመዳብ ሽቦ ከአልጋው ብረት ጋር አሰረ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ሸጥኩት» አለ። ከዚያ ሥጋ ቤት ያለውን የመሰለ ትልቅ ፍሪጅ ውስጥ ከተተኝና በሩን ዘጋ። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል። ፍሪጁን አይሱዙ ላይ ጫኑት። መኪናው እያጓራ በመልካ ጀብዱ አለፈ፤ ይሄዳል፣ ያቃስታል፣ ይሄዳል፣ አይደርስም። ሁርሶ ስንደርስ አንድ ወታደር በሩን ከፍቶ ፊቴን በባትሪ አበራብኝና «የዚህ ኮምፕረሰሩ ሞቷል፣ መልሱት» አለ። አልመለሱኝም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም።

ይህን እንደ ሕልም አትውሰዱት። ሕልም ስትነቃ ይተንናል። ይሄ ግን ትናንት ምሳ የበላሁትን ከማስታውሰው በላይ ቁልጭ ያለ ነበር፤ ሽታ አለው፣ ቅዝቃዜ አለው፣ የሽቦው ሕመም የእጄ አንጓ ላይ አለ። አንጓዬን ባየው ደግሞ እውነትም ሰንበር አለው።

ቱቦው ከወጣልኝ በኋላ ድምፄ ሸካራ ሹክሹክታ ሆነ። የከተማው ወሬኛ ያለ ድምፅ ቤቱ ገባ። ሰውነቴ ቀልጦ ሱሪዬ ውስጥ ሁለት እኔን የሚያህል ሰው ይገባ ነበር። ጸጉሬ በትራሱ ላይ ይቀራል። ሦስት ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። ካቻቢቴ የሚለው ቃል ጠፍቶኝ ግማሽ ቀን «ያ መፍቻ... ቀጥ ያለው...» እያልኩ ዋልኩ። ፍርሃቱ የሚመጣው ደግሞ በቀትር ነው፤ ከተማው በሩን ዘግቶ ጋደም ሲል፣ መንገዱ ጭር ሲል። ግድግዳው ወደ እኔ የሚጠጋ ይመስለኛል። የስልክ ቻርጀር ጢጥ ካለ ላብ ያጠምቀኛል።

ይህን ሁሉ ለማን ነገርኩ? ለማንም።

የታመመ ሰው ቤት እንዴት እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሙዝና ብርቱካን የያዘ ሰልፍ ነው። ክርስቲያኑ ይገባል፣ «ተሻለህ ታዴ?» ይላል፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ሙስሊሙ ይገባል፣ «አፊያ ነህ?» ይላል፣ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ በእኛ ከተማ ሰው ምስጋናውን እንደ እንግዳው ይለዋውጣል። «ደህና አይደለሁም» ማለት የዳነ ሰው አፍ አይመጥንም፤ ያወጣህን ፈጣሪ «ለምን በደንብ አላወጣኸኝም» ብለህ የምትከራከረው ይመስላል። በቀን አርባ ጊዜ ደህና ነኝ ስል ምላሴ ተለማመደው።

ቀጠሮዬ ደርሶ ሐኪም ዘንድ ቀረብኩ። አግዳሚው ላይ ሦስት ሰዓት ጠበቅን። የበሩ ዘበኛ አይቶኝ የራሱን ወንበር አመጣና «ወሪያ፣ እዚህ ላይ ሁን፣ እሱ ይቆረቁርሃል» አለኝ፤ ከዚያ ቀን የማስታውሰው ደግ ነገር ይሄ ነው። ተራዬ ሲደርስ ወጣቱ ሐኪም፣ የመሀል አገር ልጅ ነው፣ በትሕትና «እንዴት ነዎት አባቴ?» አለኝ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ካርዴ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ጨረስን።

ወይንሸት ደጅ ስንወጣ ክንዴን ለቀቀችው። «አንተ ሰውዬ፣ ማታ ማታ ግድግዳ እየደበደብክ፣ ሽንት ቤት ተሸክሜ እያስገባሁህ፣ ምንህ ነው ደህናው?»

«ጠየቀኝ፣ መለስኩ።»

«ሐኪም እኮ ነው! የሰፈር ጠያቂ መሰለህ?»

እውነቷን ነበር። ግን ምላሴ ለይቶ አያውቅም።

ሙክታር በየቀኑ ሱቅ ሲዘጋ ይመጣል። አንድ ቀን ፓፓያ፣ አንድ ቀን ዘይቱን ይዞ። እሱ ሲገባ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ደክሞት ነው ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከወይንሸት ጋር ያወራል። አንድ ቀን እግሬን ሊያሸው ያዘኝ፤ እሳት የነካኝ ያህል ሰበሰብኩት። «አቦ ታዴ፣ እጄ ሻካራ ሆነብህ?» ብሎ ሳቀ። እኔ የማየው ሽቦ ያሰሩብኝን ጣቶች ነው። ለምን እንዳደረገው ስላልገባኝ ዝም አልኩ፤ ሰው የሸጠውን ሰው ለምን ፓፓያ ይዞ ይጠይቃል? ይህንንም አሰብኩና መልስ አገኘሁለት፤ አልሞት ስላልኩበት ነው።

ቤት በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ሙክታር አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ታዴ አታስብ፣ ሱቃችን አንድ ቀን ተዘግታ አልዋለችም። ያን ሥጋ ቤት የሚሆነውን ትልቁን ፍሪጅ እንኳ ሸጥኩት» አለ።

ሸጥኩት። ያችው ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

እሱ እንደወጣ ወይንሸትን ጠርቼ የሱቁ ጓጉንቸር ይቀየር አልኩ።

«ለምን?»

«አትጠይቂኝ።»

«የሙክታር ቁልፍስ?»

«ስለ እሱ ነው የምልሽ።»

አልቀይርም አለች። ሙክታር ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር አልሠራም፣ እግዜር አይወደውም አለች። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ልጮህ ፈልጌ ድምፅ ስለሌለኝ አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን፣ ንፍጥ ያለው ለቅሶ። ወይንሸት ሳለቅስ አይታኝ አታውቅም። በማግስቱ በጠዋት ሄዳ አስቀየረችው።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው። ሙክታር እንደ ወትሮው ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰ። ቁልፉን ከተተ፣ አልዞር አለው። ዝጎ ነው ብሎ ቁልፉን በሸሚዙ ጠረገው። ከልብስ ሰፊው የመኪና ዘይት ለምኖ ቀባው። እንደገና ሞከረ። ከዚያ ጓጉንቸሩን በእጁ ገልብጦ ሲያየው አዲስ መሆኑን አስተዋለ። በመጨረሻ ያንን በዘይት የራሰ አሮጌ ቁልፍ ልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረና «ለታዴ ስጥልኝ። እኔ ዘንድ ለምን ይቀመጣል?» ብሎ ሄደ።

በዚያ ቀን ፓፓያ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ሁለት ወር አልመጣም። ሰው ነገሩን ሲሰማ በገንዘብ ነው አለ፤ ሰው ምክንያት ሲያጣ ገንዘብ ነው ይላል። ሙክታር ቤቱ በር ላይ ሸራ ወጥሮ ቬንትሌተር መጠገን ጀመረ። ሱቃችን ተዘግታ ዋለች፤ ለሥራ የሚሆን እግርም እጅም የለኝም። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ደህና ነኝ ማለቴን አላቋረጥኩም።

ሐኪም ቤት የመለሰኝ የገዛ ደጃፌ ነው። አንድ ስንዝር የማይሞላ ደፍ ላይ ወድቄ ግንባሬ ተፈነከተ። ግንባሬ ከተሰፋ በኋላ ወይንሸት ወደ ቤት አልወሰደችኝም፤ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ወደሚሰጥበት ክፍል እየገፋች አስገባችኝ። እዚያ ሲስተር ራሔል አለች። የከተማችን ልጅ ናት፤ በእኛ አገር ደግሞ አንቱታ ብዙም አይወደድም። ቀድሞ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ትሠራ ነበር፤ አሁን ከዚያ የወጡትን ትከታተላለች። ደህና ነህ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

«ካልሲህን ዛሬ ማን አጠለቀልህ?» አለችኝ።

ወይንሸትን አየኋት። «እሷ።»

«የሸሚዝህን ቁልፍስ?»

«እሷው።»

«ከሽንት ቤት ማን ያነሳሃል?»

«ሲስተር፣ ይሄ ሕክምና ነው ፖሊስ ጣቢያ?»

«ፖሊስ ጣቢያ ቢሆንማ ደህና ነኝ ብለህ ትወጣ ነበር። ብርጭቆ አንሳ።»

አነሳሁ። ውሃው ጭኔ ላይ ፈሰሰ።

ያን ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ የነገረችኝን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም። ለቀናት ሳይንቀሳቀስ የተኛ ሰው፣ በተለይ እንደ እኔ ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ የገባበት፣ ጡንቻው እንደሚመናመን፤ ቱቦው የድምፅ አውታርን እንደሚያቆስል፤ መርሳቱም፣ ፍርሃቱም፣ እንቅልፍ ማጣቱም የዚያው ሕመም ጭራ እንደሆነ። እብደት አይደለም አለችኝ። ለብዙው ነገር ክኒን እንደሌለው፣ በወራት፣ አንዳንዱም በዓመታት እንደሚለቅ፣ አንዳንዱ ጨርሶ ላይለቅ እንደሚችልም አልደበቀችኝም። ከወንበር አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ በጠርሙስ ውሃ ሞልቶ ማንሳት፣ እርጥብ ስፖንጅ መጭመቅ፣ የቀኑን ነገር ደብተር ላይ መጻፍ። ትዕዛዟ ይሄ ነበር። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ተነስቼ በአራተኛው የድሬዳዋን መሬት በሙሉ ተሸክሜ እንደተነሳሁ ተሰማኝ።

ልወጣ ስል ጠየቀችኝ። «እዚያ ተኝተህ ሳለህ ምን አየህ?»

«አንቺን ነዋ።» ወይንሸት ቆነጠጠችኝ።

«ሌላስ?»

ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። ምናልባት ለዚህ ጥያቄ ምላሴ የለመደው መልስ ስላልነበረው ይሆናል። ቢጫውን ልብስ፣ ሽቦውን፣ ፍሪጁን፣ አይሱዙውን፣ ወታደሩን ነገርኳት። ጓጉንቸሩ ለምን እንደተቀየረ ለወይንሸት የገባት ያኔ ነው።

ሲስተር ራሔል አልሳቀችም። «እጅህን ያሰርነው እኛ ነን» አለች። «በፋሻ። ቱቦውን ሁለት ጊዜ ልትነቅለው ነበር። አንድ ቀን እኔ ራሴ አስሬሃለሁ። እዚያ የተኛ ሰው እንዲህ ያያል፤ አንድ አስተማሪ ትኬት ሳይቆርጥ አንድ ወር ባቡር ላይ እንደተጓዘ ያምን ነበር፤ ሲወጣ ቅጣቱን ልክፈል አለን። ቅዠት ነው። ግን አእምሮህ ከእውነቱ ጋር ደባልቆ ያስቀምጠዋል።»

አላመንኳትም። ለሥራ ባልደረቦቿ ነገረችና ክፍሉ ጋብ ባለበት ሰዓት በዎከር፣ በባለአራት እግሩ ምርኩዝ፣ አስደግፋ ወሰደችኝ።

በሩ ላይ ቢጫ ላስቲክ ጋውን ተሰቅሏል፤ የሚገባ ሁሉ የሚለብሰው። «ያ ያንተ ነው» ብላ ባዶ አልጋ አሳየችኝ። አልጋው ከኤርኮንድሽኑ ሥር ነው። ቆሜ አዳመጥኩ። ኤርኮንድሽኑ ያጓራል፣ ያቃስታል፣ ያጓራል። አይሱዙው እሱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ይህን ድምፅ በገንዘብ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ኩሽኔታው ያለቀ ፋን ነው። ቀዝቃዛው አየር በቀጥታ ትራሱ ላይ ይወርዳል። እጄን ዘረጋሁና ብርዱን አወቅሁት።

«ያ ወዳጅህ ግን ጉድ ነው» አለች ሲስተር ራሔል ከኋላዬ። «በቀን አንድ ሰው ነው የምናስገባው። ሚስትህ ቀን እየለወጠች ተራዋን ትሰጠው ነበር። አዋሩት፣ ይሰማል ብለናቸው ነበር። እሱ የሚያወራልህ ስለ ፍሪጅ ብቻ ነው። ትልቁን ፍሪጅ አንድ የሁርሶ ሰው ሊገዛው ነው፣ ሸጥኩት፣ ዛሬ አይሱዙ ልኮ ሊጭነው ነው... እጅህን ይዞ ይሄንኑ ደግሞ ደጋግሞ። ኋላ ላይ እኛም የፍሪጁ ነገር ያሳስበን ጀመር።»

ወይንሸት አለቀሰች። እኔ ኩሽኔታውን እንዲቀይሩት ነገርኳቸው።

ሙክታር ዘንድ ለመሄድ ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ። በየቀኑ ልብሴን እለብሳለሁ፣ ደፉ ጋ እደርሳለሁ፣ ዛሬ ሙቀቱ አይመችም እላለሁ። በአሥረኛው ቀን ወይንሸት ባጃጅ ጠርታ ጫነችኝ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ሙክታር ቤት በርጫው ሞቋል። አራት ሰው ጫቱን ፊቱ ዘርግቶ ተደግፏል። በዎከር ስገባ ወሬው ተቋረጠ። ሙክታር ቀና ብሎ አላየኝም።

«ቦታ ስጡት» አለ። «ትራስ ከጀርባው አድርጉለት፣ ያመዋል።»

ተቀመጥኩ። ድምፄ አሁንም ሹክሹክታ ነው፤ ሁሉም ለመስማት አንገቱን ወደ እኔ አሰገገ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደመጥኩበት ጊዜ የለም።

«ሙክታር፣ ሸጠኸኝ ነበር» አልኩት።

«ምን?»

«ሆስፒታል ሳለሁ። እጄን በሽቦ አስረህ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከተህ፣ አይሱዙ ላይ ጭነህ ሸጠኸኝ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለሁርሶ ሰው።»

«በስንት?»

«አልሰማሁም። ፍሪጅ ውስጥ ነበርኩ።»

አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሲስተር ራሔል ያለችኝን፣ ኤርኮንድሽኑን፣ ፋሻውን፣ እሱ ራሱ በጆሮዬ ያወራውን፣ ሁሉንም ነገርኩት። በመሀል ቃል እየጠፋኝ ሁለቴ ቆምኩ፤ ማንም አልቸኮለብኝም። ስጨርስ ሙክታር በእጁ የያዛትን ቅጠል አስቀመጠ።

«ወላሂ ታዴ» አለ፣ «አንተን ያለ ዋስትና ማን ይገዛሃል አቦ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፣ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና «ሁለት ወር ሙሉ ምን በደልኩት እያልኩ ስቆጥር ነበር። የሠላሳ ዓመቱን በሙሉ ቆጠርኩት፣ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ፒንሳህን ሰብሬ ደብቄሃለሁ» አለ።

«እሱን አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«ስባሪውን ያገኘሁት በሳምንቱ ነው።»

ከዚያ ሳቁ ጋብ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ «ጓጉንቸሩስ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ቀን ስጠብቀው ነበር።

«ወይንሸት ናት» አልኩት። «ሌባ በዛ ብላ ፈርታ ነው። እኔ ኋላ ነው የሰማሁት።»

«ወይንሸት?»

«እሷ ናት።»

ራሱን ነቀነቀ። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቁ ጋ ቆሞ ጠበቀኝ፤ የአዲሱን ጓጉንቸር ሁለተኛ ቁልፍ ሰጠሁት።

ዛሬ አብረን እንሠራለን። እኔ በቀን አራት ሰዓት እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ እግሬ የራሱን ፈቃድ ይወጣል። የፍሪጅ በር መግጠም እችላለሁ፣ ኮምፕረሰር ማንሳት ግን ከእንግዲህ የለም። ድምፄ ግማሹ ተመልሷል፤ ደንበኞች ግማሹም ይበቃሃል ይላሉ። ደብተሬ አራተኛው ላይ ደርሷል። በቀትር ያ ፍርሃት ሲመጣ ሬዲዮ ከፍቼ ከወንበር እየተነሳሁ እቀመጣለሁ። ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው ቤታችሁ ካለ ደህና ነህ ወይ ብላችሁ አትለፉት፤ ካልሲውን ማን እንዳጠለቀለት ጠይቁት፣ ምን እንዳየም ጠይቁት። ያየው ነገር ውስጥ እናንተ ካላችሁበት አትቆጡት።

ሙክታር ከዚያ ወዲህ ቤቴ አይበላም። ይመጣል፣ ደጅ ላይ ይቆማል፣ ወይንሸትን «ደህና ነሽ?» ይላታል፣ «ደህና ነኝ» ትለዋለች፣ ይሄዳል። ድሮ ማሰሮዋን ራሱ ከፍቶ የሚያይ ሰው ነበር። ወይንሸት ምክንያቱን ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ። «አንተው ንገረው» አለችኝ አንድ ጊዜ፤ ሁለተኛ አላነሳችውም።

ቅዠቱን አራት ሰው ፊት ደፍሬ የተናገርኩት ቅዠቱ የእኔ ጥፋት ስላልነበረ ነው። ጓጉንቸሩን ግን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። ወይንሸት እንቢ ብላኝ ነበር፤ አልቅሼ ነው ያስቀየርኳት። ከዚያ በእሷ አሳበብኩ፤ ይኸው ዓመት አለፈ፣ ለሙክታር እስካሁን አልነገርኩትም።